የድሮ የቤዝቦል ቦክስ ስኮር፦ አነባበቡ፣ አገለባበጡና ሒሳቡ የሚዘጋበት መንገድ

በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ጋዜጣ ላይ የወጣ የቤዝቦል ቦክስ ስኮር (የአንድ ጨዋታ የቁጥር ሰንጠረዥ) ከሱቅ የሒሳብ ደብተር ብዙም አይለይም። የተጫወተ ሰው ሁሉ አንድ መስመር አለው፤ የሠራው በቁጥር ይሰፍራል፤ መጨረሻ ላይ ግራና ቀኙ እኩል ካልመጣ አንድ ቦታ የተሳተ ነገር አለ። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ ከአሮጌ ጋዜጣ አንብቦ፣ ወደ ኤክሴል ገልብጦ፣ ሒሳቡን ዘግቶ እስከማስቀመጥ ያለውን ሥራ ያሳያል። ባተር፣ ፒቸር፣ ኢኒንግና አውት ምን እንደሆኑ ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው።

መለማመጃችን ኦክቶበር 8 ቀን 1956 በያንኪ ስታዲየም የተደረገው የወርልድ ሲሪስ (የዓመቱ የሻምፒዮና ፍጻሜ) አምስተኛ ጨዋታ ነው። የኒውዮርኩ ያንኪስ የብሩክሊኑን ዶጀርስ 2 ለ 0 አሸነፈ፤ የያንኪሱ ፒቸር ዶን ላርሰን 27 ባተር መጥቶበት አንዱንም ቤዝ ሳያስረግጥ መለሰ። ሰንጠረዡ ንጹሕ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ጠመዝማዛው ነገር ሲመጣ ደግሞ ኦክቶበር 3 ቀን 1951 ጃያንትስ ዶጀርስን 5 ለ 4 ያሸነፈበትን ጨዋታ እንጠራለን።

ስለ ቀን አንድ ነገር ከወዲሁ፦ እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ የአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በሰንጠረዣችሁም እንዲያው ተዉአቸው። የላርሰን ጨዋታ በእኛ መስከረም 28 ቀን 1949 ላይ ይውላል። ሁለቱ አቆጣጠር አንድ ፋይል ውስጥ ከተቀላቀለ በኋላ ጨዋታውን ፈልጎ ማግኘት ጣጣ ነው።

የሚያስፈልገው

የአንዱን ጨዋታ ቦክስ ስኮር ከሁለት የተለያዩ ጋዜጦች፤ የጨዋታውን ሂደት የሚተርክ ዘገባ፤ ኤክሴል ወይም ባለ ካሬ ደብተር፤ እርሳስና ላጲስ። ሁለተኛው ጋዜጣ ትርፍ አይደለም። ሁለቱም ሰንጠረዡን ከአንድ የዜና ወኪል ወስደው ከሆነ ግን አንድ ስህተት ሁለት ጊዜ ታትሞ ታገኛላችሁ፤ ስለዚህ ቢያንስ አንዱ የባለ ሜዳው ቡድን ከተማ ጋዜጣ ይሁን።

1. ትክክለኛውን ጨዋታ ያዙ

የጠዋት ጋዜጣ ላይ የምታገኙት የትናንቱን ጨዋታ ነው። የኦክቶበር 8ቱን ስትፈልጉ የኦክቶበር 9ኙን ዕትም ክፈቱ። የከሰዓት ጋዜጦች አደገኛ ናቸው፤ ጨዋታው ሳያልቅ ማተሚያ ቤት ይገቡ ስለነበር አራትና አምስት ኢኒንግ ብቻ የያዘ ሰንጠረዥ ያወጣሉ። ዘጠኝ ኢኒንግ መሙላቱን ሳታዩ አንድ ቁጥር እንኳ አትገልብጡ።

ሌላው ወጥመድ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ መደረጉ ነው። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1941 የቦስተን ሬድ ሶክሱ መቺ ቴድ ዊሊያምስ ፊላደልፊያ ውስጥ ሁለት ጨዋታ ተጫወተ፤ በመጀመሪያው ከ5 አት ባት (እንደ መምታት ሙከራ የሚቆጠር ተራ) 4 ሂት (ቤዝ ያደረሰ ምት)፣ በሁለተኛው ከ3 አት ባት 2 ሂት። ከዚያ ቀን በፊት 448 አት ባትና 179 ሂት ነበረው፤ ሂቱ ለአት ባት ሲካፈል የመምታት አማካዩ 0.39955 ነው። በቀኑ ማብቂያ 456 እና 185 ሆነ፤ 0.4057፣ በሦስት ቤት ሲጠጋጋ .406። አንደኛውን ጨዋታ ሁለት ጊዜ ገልብጦ ሁለተኛውን የረሳ ሰው ሌላ ታሪክ ጻፈ ማለት ነው። ከቀኑ ጎን አንድ ዓምድ ክፈቱና ነጠላ ጨዋታን 0፣ የሁለቱን 1 እና 2 በሉ። ብዙ ሺህ የድሮ ጨዋታዎችን ሰብስቦ በነጻ ያስቀመጠው ሬትሮሺትም የሚለየው እንዲሁ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር አንባቢ የከተማው የድሮ ቡድን የሴኔተርስ ጨዋታዎች ጥሩ መነሻ ናቸው። ኢቭኒንግ ስታር የተባለው ጋዜጣ እስከ 1963 ድረስ ያለው በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦች ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ጨዋታዎቹ ይካሄዱበት የነበረው ግሪፊዝ ስታዲየም በ1965 ፈረሰ፤ ዛሬ ቦታው ላይ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆሟል፤ ከዘጠነኛው ጎዳና የአበሻ ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስ ነው።

2. ከታች ጀምሩ፦ የኢኒንግ መስመር

ዓይን የሚስበው የስም ዝርዝሩ ነው፤ ሥራው የሚጀመረው ግን ከሥሩ ካለችው መስመር ነው። የላርሰን ጨዋታ እንዲህ ታትሟል፦

ብሩክሊን 000 000 000 — 0 0 0
ኒውዮርክ 000 101 00x — 2 5 0

እያንዳንዱ አሃዝ የአንድ ኢኒንግ ራን (የገባ ነጥብ) ነው፤ ሦስት ሦስት እየሆነ የተከፈለው ለዓይን እንዲመች ነው። ከሰረዙ ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ ራን፣ ሂትና ኢረር (የተከላካይ ስህተት) ናቸው። ከላይ ያለው እንግዳው፣ ከታች ያለው ባለ ሜዳው ነው። የመጨረሻዋ ኤክስ ባለ ሜዳው እየመራ ስለነበር በዘጠነኛው መምታት አላስፈለገውም ማለት ነው። ኤክሷን ዜሮ ብላችሁ አትጻፉ። ዜሮ ማለት ወጥተው ሳያገቡ ተመለሱ ነው፤ ኤክስ ማለት ጭራሹኑ አልወጡም ነው፤ የሦስት አውት ልዩነት አለው። በአንድ ኢኒንግ አሥርና ከዚያ በላይ የገባ እንደሆነ ቁጥሩ በቅንፍ ይታተማል፤ ቅንፉ ከተዘነጋ አሥሩ አንድና ዜሮ ሆኖ የሁለት ኢኒንግ ቦታ ይይዛል።

3. ዓምዶቹን ለዩ

የዘመኑ ጋዜጦች አንድ ዓይነት ዓምድ አልነበራቸውም። ሰፋ ያለው አቀማመጥ አት ባት፣ ራን፣ ሂት፣ ፑትአውት፣ አሲስት ነው። ጠበብ ያለው ራንን ከሠንጠረዡ አውጥቶ ከሥር በስም ይዘረዝራል። ዛሬ የለመድነው የአር ቢ አይ ዓምድ በብዙዎቹ የለም፤ ማን ስንት ራን እንዳስገባ ከሥር ባለው ጽሑፍ ውስጥ ፈልጉ።

ፑትአውት አውቱን ያጠናቀቀው ተጫዋች ድርሻ ነው፤ አሲስት እስከዚያ ያደረሰው። በላርሰን ጨዋታ ሁለተኛ ኢኒንግ ላይ ጃኪ ሮቢንሰን የመታው ፈጣን ኳስ የሦስተኛ ቤዙን አንዲ ኬሪን ነክቶ ተንከባለለ፤ ሾርትስቶፑ ጊል ማክዱጋልድ አንሥቶ ወደ አንደኛ ቤዝ ላከ፤ ጆ ኮሊንስ ያዘ። ኮሊንስ ፑትአውት አገኘ፤ ማክዱጋልድ አሲስት። ኬሪም አሲስት አገኘ፣ ኳሷ ሳትፈልግ እንኳ በእሱ በኩል አልፋለችና። በአጭሩ 5-6-3 ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሮቹ የቦታ ስም ናቸው፦ 1 ፒቸር፣ 2 ካቸር፣ 3 አንደኛ ቤዝ፣ 4 ሁለተኛ ቤዝ፣ 5 ሦስተኛ ቤዝ፣ 6 ሾርትስቶፕ፣ 7 ግራ ሜዳ፣ 8 መሐል ሜዳ፣ 9 ቀኝ ሜዳ። 5 እና 6 ቢምታቱባችሁ አትገረሙ፤ ሾርትስቶፕ በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል ይቆማል፣ ቁጥሩ ግን የሚመጣው ከሦስተኛው ቤዝ በኋላ ነው።

4. ገልብጡ

በረድፍ ጻፉ፤ በዓምድ አረጋግጡ። ሁለት ሰው ካላችሁ አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይጻፍ፤ ስትጨርሱ ተለዋወጡ። ስካን የተደረገ ጋዜጣን በኮምፒውተር አስነብቦ ያንኑ መለጠፍ ጊዜ የሚያተርፍ ይመስላል፤ ግን በደበዘዘ ቀለም 3 እና 8፣ 1 እና 7፣ 5 እና 6 ይቀያየራሉ። አንዷ ዓምድ ባዶ ስትሆን ደግሞ ቁጥሮቹ ሁሉ ወደ ግራ ይሸሻሉ። በእጅ መጻፍ ይሻላል።

የያንኪስ ሰንጠረዥ ተገልብጦ ሲያልቅ ይህን ይመስላል፦

| ተጫዋች | ቦታ | አት ባት | ራን | ሂት | አር ቢ አይ | ፑትአውት | አሲስት |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ባወር | 9 | 4 | 0 | 1 | 1 | 4 | 0 |
| ኮሊንስ | 3 | 4 | 0 | 1 | 0 | 7 | 0 |
| ማንትል | 8 | 3 | 1 | 1 | 1 | 4 | 0 |
| ቤራ | 2 | 3 | 0 | 0 | 0 | 7 | 0 |
| ስሎተር | 7 | 2 | 0 | 0 | 0 | 1 | 0 |
| ማርቲን | 4 | 3 | 0 | 1 | 0 | 3 | 4 |
| ማክዱጋልድ | 6 | 2 | 0 | 0 | 0 | 0 | 2 |
| ኬሪ | 5 | 3 | 1 | 1 | 0 | 1 | 1 |
| ላርሰን | 1 | 2 | 0 | 0 | 0 | 0 | 1 |
| ድምር | | 26 | 2 | 5 | 2 | 27 | 8 |

ድምሩን ከጋዜጣው አትገልብጡ፤ ራሳችሁ ደምሩ፤ ከዚያ ከጋዜጣው ጋር አስተያዩ።

ስም ላይ ጠንቀቅ በሉ። የጋዜጣ ዓምድ ጠባብ ስለነበር ረጅም ስም መሐሉ ተቆርጦ በጭረት ይታተማል፤ ካምፓኔላን የመሰለ ስም ግማሹ ብቻ ነው የሚገኘው። አንድ ዓይነት ስም ያላቸውም አሉ። በ1962 የኒውዮርክ ሜትስ ሁለት ፒቸሮች ነበሩት፤ ሁለቱም ቦብ ሚለር። ስለዚህ በሰንጠረዡ ከስም በተጨማሪ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መለያ ቁጥር ወይም ምልክት ስጡት።

ከስሙ በፊት ወይም በኋላ ትንሽ ፊደል ካያችሁ ተለዋጭ ነው፤ ከሥር ማብራሪያ አለው። በዶጀርስ በኩል ዴል ሚቸል በዘጠነኛው በፒቸሩ በሳል ማግሊ ፈንታ ሊመታ ገባ፤ ሦስተኛውን ስትራይክ ቆሞ እያየ አለፈውና 27ኛው አውት ሆነ። ማግሊ 2 አት ባት፣ ሚቸል 1፤ ሁለቱ አንድ የመምቻ ተራ ነው የሚጋሩት። ተለዋጩን በተካው ሰው ሥር እንጂ በዝርዝሩ መጨረሻ አትጻፉት፤ ያለዚያ ከታች የምናመጣው የተራ ፍተሻ ይበላሽባችኋል።

5. ከሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ወደ ቁጥር መልሱ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ሒሳቡ የሚዘጋው ደግሞ በዚህ ነው። ከዚያ የምታወጡት፦ ሳክሪፋይስ ባንት (ሯጭ ለማሻገር ኳሷን በቀስታ ነክቶ ራስን አውት ማድረግ)፣ ዎክ (በአራት ያልተስተካከለ ውርወራ አንደኛ ቤዝ በነጻ ማግኘት)፣ በኳስ የተመታ ባተር፣ ደብል ፕሌይ (በአንድ ምት ሁለት አውት)፣ ቤዝ ላይ የቀሩ፣ ስትራይክአውት (በሦስት ስትራይክ የተገኘ አውት)፣ የጨዋታው ርዝመትና ተመልካች። በእኛ ጨዋታ ላርሰን 1 ሳክሪፋይስ፤ ማግሊ 2 ዎክ ሰጠ፣ ለስሎተርና ለማክዱጋልድ፤ ላርሰን ምንም። ያንኪስ 3 ሰው ቤዝ ላይ ቀረበት፣ ዶጀርስ ዜሮ። ስትራይክአውት ላርሰን 7፣ ማግሊ 5። ጊዜው 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ፣ ተመልካቹ 64,519።

አንድ ኢኒንግ ከቅርብ እንይ፤ ስድስተኛው፣ ያንኪስ ሲመታ። ኬሪ ሂት መታ፤ አት ባት 1፣ ሂት 1። ላርሰን ባንት አድርጎ ኬሪን ወደ ሁለተኛ ቤዝ አሻገረ፣ ራሱ አውት ሆነ፤ ሳክሪፋይስ 1፣ አት ባት የለም። ባወር ሂት መታ፣ ኬሪ ገባ፤ ለባወር አት ባት፣ ሂትና አር ቢ አይ፣ ለኬሪ ራን። ኮሊንስም ሂት መታ፤ ባወር ሦስተኛ ቤዝ ደረሰ። ማንትል ወደ አንደኛ ቤዙ ጊል ሆጅስ መሬት ለመሬት መታ፤ ሆጅስ ቤዙን ረግጦ ማንትልን አስወጣ፣ ወዲያው ወደ ካቸሩ ካምፓኔላ ወረወረ፤ ባወር በሦስተኛ ቤዝና በሆም መካከል ተይዞ ወዲያና ወዲህ ሲባል በሮቢንሰን እጅ ወደቀ። ጋዜጣው ይህን ሆጅስ፣ ካምፓኔላ፣ ሮቢንሰን፣ ካምፓኔላ፣ ሮቢንሰን ብሎ ይጽፈዋል። ካምፓኔላ ስሙ ሁለት ጊዜ ቢጠራም አሲስቱ አንድ ብቻ ነው፤ በእንዲህ ያለ ማሯሯጥ አንድ ሰው ለአንድ አውት ከአንድ አሲስት በላይ አይቆጠርለትም።

አሁን ቁጠሩ፦ አምስት ባተር ወጣ። አንዱ ራን ሆነ፤ ኮሊንስ ቤዝ ላይ ቀረ፤ ሦስት አውት። 1 ሲደመር 1 ሲደመር 3፣ አምስት። ጨዋታው በሙሉ የሚዘጋው በዚሁ መንገድ ነው።

6. ፒቸሮቹን በአውት ቁጠሩ

የዘመኑ ጋዜጣ ስምንት ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛን 8 1-3 ብሎ ያትማል። የዛሬ ድረ ገጾች 8.1 ይላሉ። ኤክሴል ግን 8.1ን ስምንት ከአንድ አሥረኛ አድርጎ ይደምረዋል፤ የዓመቱን ስትደምሩ ውጤቱ ሁሉ ይጣመማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ኢኒንግ አትጻፉ፣ አውት ጻፉ። ላርሰን 27፣ ማግሊ 24። ወደ ኢኒንግ መመለስ ስትፈልጉ ለ3 አካፍሉ።

የ1951ኛው ጨዋታ እዚህ ይጠቅማል። በዘጠነኛው መጨረሻ ዶጀርስ 4 ለ 1 ይመራ ነበር። ከጃያንትስ ዳርክ ሂት፣ ሙለር ሂት፣ ኧርቪን አውት፣ ሎክማን ደብል (ሁለተኛ ቤዝ የሚያደርስ ሂት)፤ 4 ለ 2። ፒቸሩ ኒውኮም ሁለት ሰው ቤዝ ላይ ትቶ ወጣ፣ ብራንካ ገባ፣ ቦቢ ቶምሰን ሆም ራን መታ። የዶጀርስ አውት 25 ነው፤ ሁሉም የኒውኮም። ብራንካ አንድ ሰው ገጥሞ ምንም አውት ሳያገኝ ወጣ፤ የእሱ አውት ዜሮ ነው፤ ባዶ አይደለም። የገቡት አምስት ራኖች ግን በገቡበት ሰዓት ሜዳ ላይ በነበረው ፒቸር አይመዘገቡም፤ ሰውየውን ቤዝ ላይ ያስወጣው ፒቸር ነው ዕዳውን የሚሸከመው። ስለዚህ ለኒውኮም 4፣ ለብራንካ 1፤ ሽንፈቱ ግን የብራንካ ነው፣ ጨዋታውን የገለበጠው ራን፣ ቶምሰን ራሱ፣ የእሱ ነበርና። ሙለርም ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ በምትኩ ሃርተንግ ሮጦ ነበር፤ ሂቱ የሙለር፣ ራኑ የሃርተንግ ነው።

7. ሒሳቡን ዝጉ

የመዝጊያው ቀመር በቤዝቦሉ ሕግ መጽሐፍ ራሱ ውስጥ የተጻፈ ነው። በአንድ ወገን፦ አት ባት፣ ዎክ፣ በኳስ የተመታ፣ ሳክሪፋይስ ባንት፣ ሳክሪፋይስ ፍላይ (በአየር ተይዞ አውት ቢሆንም ራን ያስገባ ምት)፣ በካቸር ወይም በሌላ ተከላካይ ጥፋት አንደኛ ቤዝ የተሰጠው። በሌላ ወገን፦ ራን፣ ቤዝ ላይ የቀሩ፣ የተጋጣሚው ፑትአውት። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የወጣ ባተር ሁሉ ወይ ገብቷል፣ ወይ ቀርቷል፣ ወይ አውት ሆኗል፤ አራተኛ መንገድ የለም።

ያንኪስ፦ 26 + 2 + 1 = 29። በሌላ ወገን 2 + 3 + 24 = 29። ተዘጋ።
ዶጀርስ፦ 27 = 0 + 0 + 27። ተዘጋ።

የሚረሳው የተጋጣሚው የሚለው ቃል ነው። ለያንኪስ ራን የሚደመረው የዶጀርስ ፑትአውት ነው፤ የራሱን 27 የደመረ ሰው 32 አግኝቶ ግራ ይጋባል።

ከዚህ በኋላ የተራ ፍተሻ አለ፤ ቀመሩ የማይዘውን ስህተት ይይዛል። 29 ለ9 ሲካፈል 3 ደርሶ 2 ይተርፋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባተሮች አራት አራት ጊዜ፣ የቀሩት ሰባቱ ሦስት ሦስት ጊዜ መውጣት አለባቸው። እንቁጠር፦ ባወር 4፣ ኮሊንስ 4፣ ማንትል 3፣ ቤራ 3፣ ስሎተር 2 አት ባትና 1 ዎክ፣ ማርቲን 3፣ ማክዱጋልድ 2 እና 1 ዎክ፣ ኬሪ 3፣ ላርሰን 2 እና 1 ሳክሪፋይስ። ልክ ነው። በስምንተኛው መጨረሻ ላርሰን፣ ባወርና ኮሊንስ ተከታትለው በስትራይክአውት መውጣታቸው ይህንኑ ያረጋግጣል፤ የመጨረሻው ባተር በተራ ሁለተኛው ኮሊንስ ነው።

አሁን ጋዜጣው ለስሎተር 3 አት ባት አትሞ ነበር እንበል። ድምሩ 27፣ የግራው ወገን 30፣ የቀኙ 29 ይሆናል። አንድ ትርፍ እንዳለ ቀመሩ ይነግራችኋል፤ የት እንዳለ ግን አይነግራችሁም። የተራው ፍተሻ ይነግራችኋል፦ ከፊቱ ያሉት ማንትልና ቤራ ሦስት ጊዜ ወጥተው አምስተኛው ስሎተር አራት ጊዜ ሊወጣ አይችልም። ዎኩ አት ባት ተብሎ ተቆጥሮበታል ማለት ነው።

የተከላካዮችን ዓምድ ደግሞ ከሂደቱ ዘገባ ጋር ግጠሙት። የላርሰን 27 አውቶች እንዲህ ይዘረዘራሉ፦ 7 ስትራይክአውት (ሁሉም የካቸሩ የቤራ ፑትአውት)፣ 7 መሬት ለመሬት ተመትተው በኮሊንስ ያለቁ፣ 13 በአየር የተያዙ፤ ባወር 4፣ ማንትል 4፣ ማርቲን 3፣ ስሎተር 1፣ ኬሪ 1። ሰባቱ የመሬት ኳሶች እያንዳንዳቸው አንድ አሲስት ቢኖራቸው 7 ይሆን ነበር፤ ሰንጠረዡ 8 ይላል። ልዩነቱ ያችው የሮቢንሰን ኳስ ናት፣ ኬሪን ነክታ ያለፈችው።

8. ካልተዘጋ

ልዩነቱ አንድ ከሆነ መጀመሪያ ቤዝ ላይ የቀሩትን ጠርጥሩ። የዘመኑ መዝጋቢዎች በአብዛኛው የጋዜጣ ጸሐፊዎች ነበሩ፤ ይህን ቁጥር የሚሠሩት ዘገባቸውን እየጻፉ በጥድፊያ ነው። የሚስቱት አንድ ቦታ ነው፦ ባተሩ መትቶ አንደኛ ቤዝ ሲደርስ ሌላ ሯጭ ሦስተኛ አውት ከሆነ፣ ባተሩ እንደቀረ ይቆጠራል።

የተጫዋቾቹ ድምር ከታተመው ድምር ጋር ካልገጠመ፣ ቀመሩን በሁለቱም ሞክሩት። በእናንተ ድምር ከተዘጋ የታተመው ድምር የማተሚያ ቤት ስህተት ነው፤ እለፉት። በታተመው ድምር ከተዘጋ አንድ ተጫዋች ላይ ቁጥር ተበላሽቷል፤ የተራውን ፍተሻ ሥሩ። በሁለቱም ካልተዘጋ ከሥር ያለው ጽሑፍ ውስጥ ያልታተመ ዎክ ወይም በኳስ የተመታ ሰው አለ፤ ሁለተኛውን ጋዜጣ ክፈቱ። ፑትአውት ለ3 ካልተካፈለ ደግሞ ስህተት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ እንደ 1951ኙ ባለ ሜዳው በመጨረሻው ምት ሲያሸንፍ 25 ወይም 26 ይመጣል።

ሒሳቡን ለመዝጋት ሲባል ብቻ ቁጥር አትለውጡ። የተዘጋ የሐሰት ሒሳብ ካልተዘጋ እውነተኛ ሒሳብ ይብሳል፤ ወደፊት ማንም አይጠረጥረውም።

9. የዚያን ዘመን ሕግ በዛሬው አትለኩ

ከ1940 እስከ 1953 ሳክሪፋይስ ፍላይ የሚባል መዝገብ አልነበረም፤ በአየር መትቶ ራን ያስገባ ሰው እንደ ተራ አውት አት ባት ይቆጠርበታል። የተመለሰው በ1954 ነው። በ1951ኛው ጨዋታ ቶምሰን በሰባተኛው ኢኒንግ በአየር መትቶ ኧርቪንን አስገባ፤ በዘመኑ ሕግ ከ4 አት ባት 3 ሂት ተመዘገበለት፣ በዛሬው ከ3 አት ባት 3 ሂት ይሆን ነበር። እንደታተመው 4 ብላችሁ ጻፉ። የ1950ን ጨዋታ ስትገለብጡ የሳክሪፋይስ ፍላይ ዓምድ ባዶ ይሁን፤ ዜሮ አይሁን።

ሴቭ (መሪነትን ጠብቆ ጨዋታውን ለጨረሰ ተለዋጭ ፒቸር የሚመዘገብ) ይፋዊ የሆነው በ1969 ነው፤ ከዚያ በፊት ባለ ጨዋታ ላይ ካያችሁት በኋላ የተሰላ ነው። ሆን ተብሎ የተሰጠ ዎክ ተለይቶ መመዝገብ የጀመረው በ1955 ነው። የላርሰን የውርወራ ብዛት 97 እንደነበር ይታወቃል፤ ግን የዘመኑ ቦክስ ስኮር የውርወራ ዓምድ የለውም፤ ብትጨምሩት ከየት እንዳመጣችሁት ጎኑ ላይ ጻፉ።

10. ባዶና ዜሮ፦ የኔግሮ ሊጎች ሰንጠረዥ

ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በዲሴምበር 2020 ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን ሰባት የኔግሮ ሊጎች (የጥቁር ተጫዋቾች ሊጎች) እንደ ሜጀር ሊግ እቆጥራለሁ አለ፤ በሜይ 2024 ቁጥራቸውን ከመዝገቡ ጋር ቀላቀለው። የኔግሮ ሊጉ ካቸር የጆሽ ጊብሰን የዕድሜ ልክ የመምታት አማካይ .372 ከታይ ኮብ .367 በላይ ሆኖ አንደኛ ወጣ። ያ ሁሉ የተሠራው ጋዜጣ እያገላበጡ ሰንጠረዥ በመልቀም ነው፤ ፒትስበርግ ኩሪየር፣ ቺካጎ ዲፌንደርና አፍሮ አሜሪካን ዋነኞቹ ናቸው። ሳምንታዊ ስለነበሩ ጨዋታው በተደረገ ማግስት አትፈልጉት፤ የሚቀጥሉትን ሁለት ሳምንት ዕትሞች እዩ።

እዚህ ቀመሩ ብዙ ጊዜ አይዘጋም፤ መዝጋቢው ስለሳተ ሳይሆን ጋዜጣው ዎክንና ቤዝ ላይ የቀሩትን ስላላተመ ነው። ያልታተመውን ሁሉ ባዶ ተዉት። ዜሮ ከጻፋችሁ ዎክ ያልወሰደ ባተር ፈጠራችሁ፤ ዓመቱ ሲደመር ሰውየው ትዕግሥት የሌለው መቺ ሆኖ ይወጣል። በኤክሴል ባዶ ሳጥን ሲደመር ዝም ይላልና፣ ከጎኑ ስንት ጨዋታ ላይ ይህ ዓምድ እንደነበረ የሚቆጥር ሌላ ዓምድ አስገቡ።

11. ስታስቀምጡ

ለእያንዳንዱ ጨዋታ አራት ነገር ከሰንጠረዡ ጋር ይቀመጥ፦ የጋዜጣው ስም፣ የዕትሙ ቀን፣ ገጹ፣ ሒሳቡ መዘጋት አለመዘጋቱ። እርማት ስታደርጉ የታተመውን ቁጥር አታጥፉ፤ አንድ ዓምድ ለታተመው፣ አንድ ለታረመው፣ አንድ ለምክንያቱ ይኑር። በ1930 የቺካጎ ካብሱ መቺ ሃክ ዊልሰን 190 አር ቢ አይ እንዳለው ለዓመታት ሲታተም ኖረ፤ ለቡድን ጓደኛው ለቻርሊ ግሪም ተጽፎ የነበረው አንዱ የእሱ መሆኑ ተረጋግጦ 191 የሆነው በ1999 ነው። ያን ማረም የተቻለው የጁላይ 28ቱ የሁለተኛ ጨዋታ ሰንጠረዥና ዘገባ ጎን ለጎን ስለተገኙ ነው። ስለዚህ የጋዜጣውን ገጽ ምስል ራሱን በጨዋታው ቀን ሰይማችሁ እዚያው ፋይል ውስጥ አኑሩት።